የእታፈራሁ ገንዳ

ለሚስቱ ሲል በግቢው ውስጥ የመዋኛ ገንዳ ያሠራ አንድ ሰው ነበረ።

አንዳርጌ፣ የጠየቅኸኝን ሰምቻለሁ። ልጅህን በቁጣ እንደምትሰብራት፣ ወዲያው እንደምትጸጸት፣ በግ አርደህ አክስቶቿን ሰብስበህ ይቅርታ እንደምትጠይቃት፣ ቁጣው ግን ተመልሶ እንደሚመጣ ነገርኸኝ። «አባ፣ ከልቤ ነው የምጸጸተው፤ ታዲያ ለምን አይጸናልኝም? እሷስ ለምን እንደ ድሮዋ አትሆንልኝም?» አልኸኝ። መልስ ከመስጠቴ በፊት የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው ባለጠጋ ነበር። የጭነት መኪናዎች ነበሩት፤ ቢሾፍቱ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት ሠርቷል። ሚስቱ እታፈራሁ ትባላለች። አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ልትነሣ ስትል ግራ ጎኗ እምቢ አላት። ስትሮክ ነው አሉ። ነፍሷ ተረፈች፤ አንደበቷም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ግራ እግሯ ግን እንደ ውሰት ዕቃ ባዕድ ሆነባት።

ሆስፒታል ውስጥ እንቅስቃሴ የምታለማምዳት ባለሙያ ነበረች። እሷም እታፈራሁን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አስገብታ አቆመቻት። መሬት ላይ መቆም ያቃታት ሴት ውሃ ውስጥ ቆመች። ባለሙያዋ ባልየውን ለብቻው ጠርታ አስረዳችው። ውሃው ክብደቷን ስለሚሸከምላት፣ በየቀኑ ውሃ ውስጥ ብትራመድ እግሯ ሊመለስ ይችላል። ይህ የሚሆነው ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሲቀመጥ የከረመ እግር ይደርቃል።

ባልየው ሚስቱን ይወድ ነበር። ይህን እንዳትጠራጠር። ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሳይገባ ነው ገንዳ የሚሠራ ሰው ያፈላለገው። ወለሉም ግድግዳውም ሰማያዊ ሸክላ የለበሰ፣ ከዳር እስከ ዳር የብረት መያዣ ያለው ገንዳ አሠራላት። የሠራው ሰው ሲያስረክበው አንድ በአንድ ነገረው፦ የተኛ ውሃ ይበላሻልና ፓምፑ በየቀኑ ይሥራ፤ ቅጠል ሳይበሰብስ በመረብ ይነሣ፤ ግድግዳው ንጹሕ ቢመስልም በብሩሽ ይታሽ፤ ማጣሪያው ይታጠብ፤ ክሎሪን የሚባለው የውሃ መድኃኒትም እየተለካ ጥቂት ጥቂት ይጨመር። የሚከታተልለት ሠራተኛ ሊልክለትም ፈቃደኛ ነበር። ባልየው ግን «የሚስቴን ውሃ ሌላ ሰው አይነካውም፤ እኔው ራሴ አደርገዋለሁ» አለ። ይህንንም ያለው ከልቡ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዳለው አደረገ። ጠዋት ጠዋት ገንዳውን አሰናድቶ፣ አብሯት ገብቶ፣ ሁለት እጇን ይይዝና ወደ ኋላ እየሄደ ያራምዳታል። እሷም እግሯን እያየች ትከተለዋለች። አንድ ቀን እጁን ለቅቃ ብቻዋን እስከ ብረቱ ድረስ ሄደች። ደርሳ ዞር አለችና ሳቀች። ከተጋቡ ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አይቷት እንደማያውቅ በኋላ ለወንድሙ አጫውቶታል።

ከዚያ ሥራ በዛበት። አንዱ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሸ፤ ሌላው ድንበር ላይ ጭነቱን እንደያዘ ቆመ። ጠዋት ስልክ እያወራ ከቤት ይወጣል፤ ሲመለስ ደክሞታል። የፓምፑ ድምፅ ረበሸኝ ብሎ አጠፋውና ነገ አበራዋለሁ አለ። መረቡ ግድግዳ እንደተደገፈ ቀረ። ውሃው ገና ጥርት ያለ ስለነበር ምንም የጎደለ አልመሰለውም። እታፈራሁ ግን በእግሯ ታውቀው ነበር። ወለሉ ማዳለጥ እንደጀመረ ነገረችው። ቅዳሜ አጸዳዋለሁ አላት። ቅዳሜ መጣ፤ አለፈ።

ፀሐይዋ በረታች፤ ገንዳውም አረንጓዴ ሆነ። ባለሙያዎቹ አልጌ ይሉታል፤ ኩሬ ዳር ድንጋይ ላይ የምታየው፣ እግር የሚያንሸራትተው ነገር ነው። ባልየው መንገድ ላይ ሳለ እታፈራሁ ልምምዱ እንዳይቀርባት ብላ ብቻዋን ገባች። ደካማው እግሯ ከዳትና ሰጠመች። የቤት ሠራተኛዋ ሮጣ ደርሳ በልብሷ ጎትታ አወጣቻት።

ባልየው ሲሰማ ሥራውን ጥሎ መጣ። እግሯ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ሰዎች ቀጥሮ፣ ውሃውን አስወጣ፤ ግድግዳውን በገዛ እጁ ፈገፈገ፤ አዲስ ውሃ ሞላ፤ ክሎሪኑንም በላይ በላዩ ጨመረበት። ገንዳው እንደ መስታወት ሆነ። ጎረቤቶቹን ጠርቶ አሳያቸው። እታፈራሁም አመሰገነችው። ነገር ግን ከመድኃኒቱ ብርታት የተነሣ ውሃው ዓይንና ቆዳ ያቃጥል ነበርና ለቀናት መግባት አልቻለችም። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ተመለከተችው።

እንደገና ስትገባ እግሯ ወደ ኋላ ተመልሶ ጠበቃት። ቢሆንም ጀመረች፤ እሱም አብሯት ጀመረ። ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ይጮህ ጀመር።

እንዲህ እየሆነ ከረመ። ገንዳው አረንጓዴ ይሆናል፤ ሰውየው ይደነግጣል፤ ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ያጸዳል፤ ውሃው ይጠራል፤ ይረሳዋል። ሲጸጸት የምር ነበር። በተጸጸተ ቁጥርም ከበፊቱ የበረታ መድኃኒት ይገዛል። መድኃኒቱ በበረታ መጠን እታፈራሁ ከውሃው የምትርቅበት ጊዜ ይረዝማል።

በመጨረሻ ተበሳጭቶ ገንዳውን የሠራውን ሰው አስጠራው። ይህ ነገር ከየት እየመጣ እንደሚያስቸግረው ጠየቀው። ገንዳ ሠሪው በሸክላዎቹ መጋጠሚያ ላይ ጣቱን አሳልፎ አረንጓዴውን አሳየው።

«ከየትም አይመጣም፣ ጋሼ» አለው። «መቼም አልሄደም።»

ቀጥሎም መድኃኒቱ የሚገድለው የሚታየውን ብቻ እንደሆነ አስረዳው። የማይታየው በየስንጥቁ፣ ባልታጠበው ማጣሪያ ውስጥ፣ በብሩሹ ፀጉር መሀል ይቀራል፤ ውሃው ሲተኛለት ጊዜ ይበዛል። እንዳይመለስ የሚያደርገው የመድኃኒት ብርታት ሳይሆን ውሃው ንጹሕ በሚመስልበት ቀን የሚሠራው ትንሽ ሥራ ነው አለው። አዲስ ነገር አልነገረውም። ገንዳውን የተረከበ ዕለት ይህንኑ ሰምቷል።

ከዚያ ወዲህ ባልየው ተለወጠ። መኪናዎቹን ለወንድሙ አስረከበ። ፓምፑ ሳይቋረጥ ይሠራል፤ ቅጠሉ ይነሣል፤ ግድግዳው ይታሻል። ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ጭቃና ገለባ ቢያመጣም ውሃው አልደፈረሰም። ጎረቤት ጠርቶ አላሳየም፤ የሚያሳየውም ነገር አልነበረም፤ ትናንት የነበረው ውሃ ነው ዛሬም ያለው።

በክረምቱ ብርድ ውሃ መግባት አልተቻለም ነበርና፣ መስከረም ጠብቶ ሲሞቅ አንድ ጠዋት ወደ ሚስቱ ገባ።

«ተነሺ፣ እንግባ» አላት።

እታፈራሁ በመስኮቱ ውሃውን አየችው። «ያምራል» አለች። ከወንበሯ ግን አልተነሣችም።

የፈራች መስሎት ያችን የሆስፒታል ባለሙያ አስመጣ። ባለሙያዋ ጉልበቷን ዳሰሰች፤ ልታቃናው ሞከረች፤ ቁርጭምጭሚቷን አዟዟረች። ከዚያ ከክፍሉ ይዛው ወጥታ ጉልበቱ እንደ ደረቀ ነገረችው። ውሃው ሕመሙን ያስታግስላት ይሆናል፤ ያለ ድጋፍ መራመድ ግን ከእንግዲህ የለም። ባልየው ቀደም ብሎ ቢሆን ኖሮስ ብሎ ጠየቃት። እሷ ቦርሳዋን መሰብሰብ ጀመረች።

ተመልሶ ከሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ። ያላደረገላት ነገር እንደሌለ፣ እጁ እስኪላጥ ያንን ገንዳ ፈግፍጎላት እንደነበር ነገራት።

«አውቃለሁ» አለችው። «ስትፈገፍግ እዚህ ተቀምጬ አይህ ነበር። ጠርቶ ሲያልቅ ደስ ይልህ ነበር። እኔ ግን ያን ቀን መግባት አልችልም ነበር።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ያ ሰው ዛሬም ገንዳውን ይጠብቃል። ቀኑ ሞቅ ሲል ተሸክሞ ያወጣትና ዳሩ ላይ ያስቀምጣታል። እግሯን ውሃው ውስጥ ትነክራለች፤ እሱም አጠገቧ ይቀመጣል። ውሃው ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም።

አሁን ወዳንተ ልመለስ፣ አንዳርጌ። የዚህ ሰው ገንዳ የአንተ ቤት ነው። ቁጣዬ ለምን ይመለሳል ላልኸኝ፣ አልሄደም ብዬ ነው የምመልስልህ። የምትጸጸተው በታየህ ላይ ነው፤ በጮህክበት ቀን፣ እሷ ባለቀሰችበት ቀን። ሰላም በሚመስለው ቀንስ? ሰላምታዋን ሳትመልስ ታልፋለህ። የጀመረችውን ወሬ ታቋርጣታለህ። የቤቱ ዝምታ ሰላም ይመስልሃል። ቁጣው እዚያ ነው የሚያድረው፤ እዚያ ነው የሚበዛው።

ለምን እንደ ድሮዋ አትሆንም ላልኸኝም፣ አንተ በጉን አርደህ ደስ ባለህ ቀን እሷ ገና ያቃጥላታል። ያን ቀን ወዳንተ ልትቀርብ አትችልም። አንተ ግን አክስቶቿ ፊት ሳቂ ትላታለህ። ይቅርታህ በተደጋገመ ቁጥር ትልቅ ሆኗል፤ ትልቅ በሆነ ቁጥርም ከእሷ ይልቅ ለአንተ ማረፊያ ሆኗል።

እንግዲህ በግ አትረድ። አክስቶቿንም አትሰብስብ። ዛሬ ስትመጣ እንዴት ዋልሽ በላትና እስክትጨርስ አድምጣት። ነገም፣ የምትቆጣበት ነገር በሌለበት ቀን፣ እንዲሁ አድርግ። ማንም አያይልህም፤ እሷም ለረጅም ጊዜ ላታምንህ ትችላለች። ልጅ ናትና አልደረቀችም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ግን እርግጠኛ ሆኜ ልነግርህ አልችልም፤ ያም ሰው ጊዜ ያለው መስሎት ነበር። ውሃውን በየቀኑ ማጥራት ያንተ ድርሻ ነው፤ መግባት አለመግባቷን ለእሷ ተውላት።

አሁን ተነሥና ሂድ። ከትምህርት ቤት የምትመለስበት ሰዓት ደርሷል።