ቆላ ወርደው የቀሩት ብስክሌተኞች

አንድ ሰው ነበረ። ታናሽ ወንድሙ ብስክሌት ገዝቶ ወደ ቆላ ወረደና ቀረ።

ሰውየው ባለጠጋ አልነበረም፤ ድሃም አልነበረም። ያለውን ልክ የሚያውቅ ሰው ነበረ። ወንድሙ ግን ነገሩ ሁሉ ጥድፊያ ነበር። በኅዳር ሰሊጥ ሊገዛ ወረደ፤ ለገና ቤቴ ነኝ ብሎ ነበር። ገና ደረሰ፤ እሱ አልደረሰም። ከቆላ የሚወጡ ግመለኞች ቃል አመጡ፤ «ደህና ነኝ፤ ነገ እወጣለሁ» ብሏል አሉ። በጥምቀትም ቃሉ ይኸው ነበር። በፋሲካም ይኸው ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግመለኞቹ መምጣት አቆሙ፤ ቃሉም አብሮ ቀረ።

ዓመት ሲሞላ ዘመድ ተሰበሰበ። ሰው ነገ ነገ እያለ ዓመት አይሞላውም፤ ይህ ልጅ ሞቷል አሉ። እሑድ ድንኳን ተተክሎ እንዲለቀስለት፣ ከዚያ በኋላ መሬቱ እንዲከፈል፣ ሚስቱም ወጣት ናትና እንድትፈታ ቆረጡ። በዚያ አገር አንዴ ተለቅሶለት ያበቃ ሰው ቢመለስ እንኳ ደጅ አይከፈትለትም። የመጣው እሱ አይደለም ይላሉ። ሰውየው ይህን ስለሚያውቅ እስከ እሑድ ጠብቁኝ፣ በእግሩ ይዤው እመጣለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ እሺ አሉት፤ ከእሑድ ግን አናሳልፍም አሉ።

ቀኑ ረቡዕ ነበር። በእግር ቢሄድ አይደርስም፤ ሜዳው ብቻውን ያሉትን ቀኖች ሁሉ ይበላበታል። በበቅሎ እንዳይሄድ ቆላው ገንዲ የሚሉት የከብት በሽታ አለበት፤ የወረደ የጋማ ከብት አይተርፍም። መኪና ገደሉን አይወርድም። የቀረው ብስክሌት ነው። ስለዚህ ሰውየው ወንድሙ ብስክሌት ወደ ገዛበት ሱቅ ሄደ።

ሱቁ የተሠራው ቁልቁለት አፍ ላይ ነው። ነጋዴው ጨዋ ነው፤ አይዋሽም፣ ዋጋ አይሰቅልም። ገዥ ሲመጣ ብስክሌቱን ያወጣና እስቲ ሞክረው ይለዋል። ገዥው ቁልቁል ይለቀዋል፤ ነፋሱ ጆሮው ላይ ያፏጫል፤ ከታች ሲደርስ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። የነጋዴው የገንዘብ ሳጥንም የተቀመጠው እዚያው ከታች ነበር።

ሦስት ብስክሌት አሳየው። ይህን የምነግርሽ ትርንጎ ልጄ፣ አንቺም ከሱቅ ሦስት ብስክሌት አይተሽ ነው ልትጠይቂኝ የመጣሽው፤ ቆዪ፣ እደርስበታለሁ። አንደኛው ጎማው ቀጭን፣ ማርሽ የሌለው፣ ካቴናው የሚዞርበት የፊት ጥርሱ እንደ ሰፌድ የሰፋ ነው። ወንድሙ የገዛው ይህን ዓይነት ነበር። ሁለተኛው ሃያ አንድ ማርሽ አለው፤ ከፊትም ከኋላም ንዝረት የሚውጥ ሞላ ተገጥሞለታል፤ ያብረቀርቃል፤ የሰውየውን ገንዘብ አንድ ብር ሳያስተርፍ ይበላል። ሦስተኛው ቀለሙ የጭቃ ነው። ጎማው ቀጭንም ወፍራምም አይደለም፤ ለአስፋልትም ለኮረትም ይሆናል። ማርሹ ስድስት ብቻ ነው። ከኋላው ጭነት የሚቀመጥበት ብረት አለው። ሲያዩት አያምርም።

ሰውየው ነጭ ጠጠር አነሣና በሦስቱም የኋላ ጎማ ላይ ምልክት አደረገ። ከዚያ ፔዳሉን አንድ ዙር ብቻ በእጁ አዞረ። የመጀመሪያው ጎማ ሦስት ጊዜ ዞረ። ይህ ሜዳ ላይ በረከት ነው፤ ዳገት ላይ ግን የሦስት ሰው ሥራ ለአንድ ጉልበት መስጠት ነው። ሁለተኛውን ወደ ቀላሉ ማርሽ ሊያስገባው ቢል ካቴናው ይዘላል፤ ሃያ አንድ ከተባለው የሚይዘው ግማሹ አይሆንም። ሦስተኛው በቀላሉ ማርሽ ፔዳሉ አንድ ሲዞር ጎማውም አንድ ብቻ ዞረ። ሰውየው ቀና አለ። ከነጋዴው አንድ ወንድሙን የሚያህል የእህል ጆንያ ተውሶ ከኋላ ጫነበትና መሪውን ከሱቁ በስተጀርባ ወዳለው ዳገት አዞረ።

የነጋዴው ፊት ያን ጊዜ ተለወጠ። በዚያ በኩል የሞከረ ሰው አይቶ አያውቅም።

«ወደዚያ ምን አለ?» አለው።

«ቤቴ ነዋ» አለ ሰውየው።

ቀስ እያለ ወጣ፤ ወጣ ግን። ያንኑ ባለ ጭቃ ቀለሙን ገዛ። በተረፈው ገንዘብ አዲስ የፍሬን ጎማ፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ካላማዳሪያ የሚሉትን፣ እና ፓምፕ ጨመረ። ነጋዴው ብሩን እየተቀበለ፣ ያለ ክፋት፣ «ይኸው ስንት ዘመኔ፤ ወደ ቆላ ወርዶ ከእኔ ዕቃ ጋር ተመልሶ ያማረረ የለም» አለው። ሰውየው ይህን ሰምቶ ፍሬኑን እንደገና ሞከረ።

ሐሙስ ሜዳውን ጨረሰ። ዓርብ ጠዋት ገደሉ አፍ ላይ ደርሶ መውረድ ጀመረ። መንገዱ ደልዳላ ነው፤ ሳይረግጡ ያወርዳል። የጎማ ዱካ ሞልቶበታል። ጎማ ሲሄድ ጠጠር ወደ ኋላው ይረጫል፤ ሰውየው ፍሬኑን ይዞ እያየ ቢወርድ ጠጠሩ ሁሉ የተረጨው ወደ ላይ ነው። እስከ መጨረሻው ኩርባ ድረስ ወደ ታች የተረጨ፣ የወጣ ጎማ ምልክት፣ አንድም አላገኘም። ወፍ እንኳ አይጮህም ነበር። ፍሬኑ ግሎ ጎማ ጎማ ሲሸት ቆሞ ያበርደዋል፤ ደግሞ ይወርዳል።

መንደሩ ከታች ያምራል። ወንዝ አለው፤ ጥላ አለው፤ ሙዙ ከየአጥሩ ላይ ተንዘርፍፏል። በየቤቱ ግድግዳ ብስክሌት ተደግፏል፤ ሁሉም ቀጭን ጎማ፣ ሁሉም ሰፊ ጥርስ፣ ሁሉም እንደ መስተዋት የተወለወለ፣ ካቴናው በዘይት የራሰ። ሰዎቹ ሁሉ ቀኝ የሱሪ እግራቸውን ቁርጭምጭሚት ላይ በገመድ አስረዋል፤ ብስክሌተኛ ካቴና እንዳይበላበት እንደሚያስረው። አረጋውያኑም አስረዋል። ገና መቆም የለመዱ ሕፃናት፣ ሱሪ የሌላቸው፣ ገመዱ በባዶ እግራቸው ላይ ታስሯል።

ደግ ሰዎች ነበሩ። ውሃ ሰጡት፣ ጥላ አመለከቱት። ብስክሌቱን አይተው ሳቁ፤ ይህ ብስክሌት ነው ወይስ የወፍጮ መዘውር አሉት። ጢሙ የነጣ አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ አድርጎ፣ እንኳን ደህና መጣህ፣ ነገ አብረን እንወጣለን አለው።

ወንድሙ ሮጦ መጣና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ወፍሯል፤ ጭኑ እንደ ግንድ ሆኗል።

«ጋሼ፣ አሁን ልወጣ ስል መጣህብኝ» አለ። «ነገ ነው የምንወጣው።»

ለምን እስከ ዛሬ አልወጣህም ብሎ ጠየቀው። ወንድሙም ሳያፍር ነገረው። ሁሉም ሞክረዋል። እስከ መጀመሪያው ኩርባ ይሄዳሉ፤ እዚያ ጉልበት እምቢ ይላል፤ መሪው በራሱ ይዞራል፤ ሳይረግጡ ቁልቁል መልሶ ከበራቸው ያደርሳቸዋል። የሚጠብቁት ነፋሱ ዞሮ ከኋላ እንዲገፋቸው ነው። ነፋሱ መቼ ይዞራል አለው። ነገ አለው። ወርደህ እየገፋህስ ለምን አትወጣም ሲለው ወንድሙ ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ነውር እንደ ሰማ ሰው ነበር። ይህ ሁሉ ብር የወጣበትን ብስክሌት እየገፋሁ ሰው ፊት ልታይ ወይ አለው።

ወዲያው ጨዋታ ለመቀየር ብሎ ባለፈው ወር አንድ ጎረቤቱ እንደ ሞተ አጫወተው። ከመቀበሩ በፊት ሱሪውን አጥብቀው አስረውለታል። ለምን ቢለው፣ ወንድሙ በጥያቄው ተደነቀ።

«ነገ አብሮን ይወጣ የለ እንዴ?» አለ።

ፀሐይ ወደ ገደሉ ጀርባ ስትገባ፣ ገና ብርሃን ሳለ፣ ሁሉም ብስክሌታቸውን ወደ ወንዙ ዳር አወጡ። የኋላውን ጎማ በባላ እንጨት ከመሬት አንሥተው አቆሙና ወጡበት። ፊታቸውን ወደ ዳገቱ መልሰው መርገጥ ጀመሩ። ጎማው አየር ላይ ይሽከረከራል፤ ብስክሌቱ ንቅንቅ አይልም። ድምፁ የንብ ቀፎ ይመስል ነበር። እየረገጡም ያወራሉ። አንዱ ኩርባውን አለፍን ይላል፤ ሌላው ሾላው ታየኝ ይላል። ጢመ ነጩ ሽማግሌ ባርኔጣውን አንሥቶ እዚያ ለሌለ መንገደኛ ሰላምታ ሰጠ፤ የመለሰለትንም ሰምቶ ሳቀ።

ሰውየው ከወንድሙ አጠገብ ቆሞ ያይ ነበር። የወንድሙ ዓይን ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን እዚያ ያለውን አልነበረም። ሜዳው ላይ ወጣሁ አለ። ቤተ ክርስቲያኑን አለፍሁ አለ። ደጃችን ደረስሁ፤ ውሻው አልጮኸብኝም አለ። ጥቂት ረገጠና ፊቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ግቢያችን ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ማን ሞተ?»

ሰውየው ስለ ልቅሶው ገና አልነገረውም ነበር።

«አንተ» አለው።

የወንድሙ እግር ቆመ። ጎማው ለብቻው ጥቂት ዞሮ ቆመ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ እነሱ መለሱ፤ መርገጡን ግን አላቋረጡም። ሰውየው ያን ጊዜ ሁሉንም ነገረው፤ እሑድን፣ ሚስቱን፣ የማይከፈተውን ደጅ። ወንድሙ መሪውን ለቀቀ። ከዚያ ከኮርቻው ወረደ፤ ጎንበስ አለና ገመዱን ከእግሩ ፈታ። ገመዱ የነበረበት ቆዳ ነጭ ሆኖ ቀርቷል።

ማለዳ ሊነሡ ሲሉ ወንድሙ ብስክሌቱን ከኋላ ልሰረው ብሎ ለመነ። ሰውየው ይህ ብረት የሚችለው አንድ ጭነት ነው፤ ወይ አንተ ወይ እሱ አለው። ወንድሙ ብስክሌቱን በመዳፉ ዳሰሰና ከግድግዳው አስጠግቶ ተወው። የመንደሩ ሰዎች አልከለከሏቸውም። ሙዝ ሰጧቸው። ሽማግሌው ብቻ ከልቡ አዝኖ፣ ምን አስቸኮላችሁ፣ ነገ አብረን እንወጣ አልነበረም ወይ አለ።

ሰውየው ወደ ቀላሉ ማርሽ አስገባ። እግሩ ብዙ ይዞራል፤ መንገዱ ጥቂት ይሄዳል። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፉ። ከኋላ የተቀመጠው ወንድሙ አፈረ።

«ይህማ ከእግረኛ አይሻልም» አለ።

«አይሻልም። ይወጣል ግን።»

ቀጥ ካለው ቦታ ሲደርሱ ያም ማርሽ አለቀ። የማያልቅ ማርሽ የለም። ሰውየው ወረደና ውረድ፣ እንግፋ አለው። ወንድሙ ወርዶ እጁን አጣምሮ ቆመ። የሚያየው ሰው አልነበረም፤ እሱ ግን ወደ ታች ተመለከተ። ከታች፣ በጠራራ ጠዋት፣ ያ የንብ ድምፅ ይሰማ ነበር። ድምፁ ከመንደሩ አልነበረም፤ ኩርባው ድረስ ቀርቦ ነበር። ያን ጊዜ ወንድሙ ኮርቻውን በሁለት እጁ ያዘና ገፋ። እስከ ገደሉ አፍ ድረስ አልለቀቀም። ብዙ ሳይራመድበት አዲስ እንደሆነ የቀረው ጫማው ተረከዙን ላጠው።

ሜዳው ላይ ሲወጡ ሰውየው ማርሹን ወደ ከባዱ ቀየረ፤ ያው ብስክሌት ሜዳውንም ሁለት ሰው ጭኖ ሄደ። ቀጭኑን ብስክሌት አያህልም፤ ሄደ ግን። እሑድ ረፋድ ላይ ከደጃቸው ደረሱ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ የእድሩ ሰዎች የተከሉት ዓርብ ፀሐይ ስትገባ ነው አሉ። አልቃሿ የወንድሙን ስም እየጠራች ነበር። ሲገባ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሸ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የመጣው እሱ አይደለም አለ።

ሚስቱ ተነሥታ መጣች። ፊቱን አላየችም። ተንበርክካ ጫማውን አወለቀችለት። ተረከዙ ተልጦ ደም ይዟል።

«የሞተ ሰው ተረከዝ አይላጥም» አለች። «ውሃ አሙቁ።»

ድንኳኑን አፈረሱት።

እንግዲህ ትርንጎ ልጄ፣ ብሬ ይህ ነው፣ ወተቴን ዳገቱ ላይ ካለው ከተማ አድርሼ የምመለስበት የትኛውን ብስክሌት ልግዛ ብለሽ ጠይቀሽኛል። የቆላው ሰዎች መጥፎ ብስክሌት አልገዙም። ለአንድ መንገድ ብቻ ጥሩ የሆነውን ገዙ፤ ኑሮ ደግሞ አንድ መንገድ አይደለም። ሻጭ ሁሉ መሄጃውን ያሳይሻል፤ መመለሻውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የማርሹን ብዛት አትቁጠሪ፤ ትንሹ ማርሽ የት ድረስ እንደሚያወጣሽ ቁጠሪ። ገንዘብሽንም አትጨርሺው፤ ፍሬንና ካላማዳሪያም ገንዘብ ይፈልጋሉ። ማርሹ ያለቀ ቀን ደግሞ ወርደሽ ግፊ፤ እነዚያ ሰዎች የቀሩት እግር አጥተው አይደለም። በትዳርም፣ በንግድም፣ በምትገቢበት ማኅበርም እንደዚሁ ነው፤ ወርዶ መግፋት ያሳፈረው ሰው ሲወለውል ይኖራል።

አሁን ተነሺ፣ ሱቁ ሳይዘጋ ሂጂ። የወተት ቢዶንሽን ግን ሞልተሽ ያዢና ዳገቱ ላይ ሞክሪው፤ ባዶ ቢዶንማ ሁሉም ብስክሌት ያወጣዋል።