የሐጂ ሙዘሚል ፊርማ

የከተማዋን ስም አልጠራም። አሮጌ ናት፤ ግድግዳዎቿ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ፣ ሱቆቿ በአዛን የሚዘጉ፣ ሰው ከሰው ጋር እስከ አያቱ ድረስ የሚተዋወቅባት ከተማ። በዚያች ከተማ ሐጂ ሙዘሚል የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ሙያቸው ሴራሚክ ማንጠፍ ነው። በጉልምስናቸው የብዙ ቤቶችንና መስጂዶችን ወለል ሠርተዋል፤ ጉልበታቸው ሲደክም ደግሞ ያወቁትን ለማስተማር ተቀመጡ።

የማሠልጠኛውን ቤት የሰጧቸው ሐጂ ቃሲም የተባሉ ነጋዴ ናቸው። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የወንድማቸውን ልጅ ረሻድን አባቱ ሲሞት ወስደው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ረሻድ ጎልምሶ ሙያ ሲፈልግም ወደ ሐጂ ሙዘሚል አመጡትና፣ «እንደ ልጅዎ ይዩልኝ» ብለው አስረከቡት።

ሐጂ ሙዘሚል ሥልጠናውን ለጨረሰ ሁሉ የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ። የከተማዋም የአካባቢዋም ሥራ ተቋራጮች ያንን ፊርማ ካዩ ሌላ ጥያቄ አይጠይቁም። ፊርማው የሚገኘው ግን ሠልጣኙ ሰው የሚገለገልበትን አንድ ወለል ለብቻው ሠርቶ ካስረከበ በኋላ ነው። ለረሻድ የደረሰው የመስጂዱ የሴቶች ውዱእ ማድረጊያ፣ ከሰላት በፊት የሚታጠቡበት ቦታ ነበር።

ረሻድ እጁ ፈጣን ነው። ወለሉን ቶሎ ጨረሰው፤ ላየውም ያምር ነበር፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ገጹ የሚያበራ። ሐጂ ሙዘሚል ከዙህር ሰላት በኋላ መጥተው ተንበረከኩና በመዶሻቸው እጀታ እያንዳንዱን ሴራሚክ ቀስ እያደረጉ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ልጄ፣ ሲሚንቶውን ከሥሩ ሁሉ አልብሰኸዋል ወይስ በአራቱ ማዕዘን ብቻ?» አሉት።

ረሻድ ጎንበስ ብሎ አንዱን ሴራሚክ በጣቱ መታ አደረገ። ሽማግሌው ቀጠሉ፦

«መሐሉ ባዶ ነው። ዛሬ ይይዛል። ነገ አንዲት እናት ባልዲ ይዛ ስትረግጠው ይሰበራል፤ እግሯም እርጥብ ነው። አንሳውና እንደገና ሥራው።»

«ሐጂ፣ በሌላ ከተማ የሚሠራ ሆስፒታል አለ። ሰኞ ወረቀቱን ይዤ ካልቀረብኩ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። እዚያ ስደርስ አስተካክዬ እሠራለሁ፤ ወላሂ እሠራለሁ።»

«እንደምትሠራ አምናለሁ። ሠርተህ ሳይ እፈርማለሁ።»

ረሻድ ልቡ ተሰብሮ ወደ አጎቱ ሄደ። ያን ዕለት ከዐስር ሰላት በኋላ ሐጂ ቃሲም ራሳቸው ወደ ማሠልጠኛው መጡ። ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ነጋዴው፣

«ሐጂ፣ ልጁ የቲም ነው። እንጀራው በእርስዎ እጅ ላይ ቆሟል» አሉ።

«ሪዝቁ በአላህ እጅ ነው። በእኔ እጅ ያለው ምስክርነት ብቻ ነው።»

«አንድ ፊርማ ነው የጠየቅኩዎት። ይህ ቤት የማን እንደሆነ ላስታውስዎ ይገባል?»

«ቤቱ የእርስዎ ነው፤ አላህ ኸይር ይመንዳዎ፣ አንድም ቀን አልረሳሁትም። ያላየሁትን አየሁ ብዬ ብፈርም ግን አላህ ዘንድ ሲጠይቁኝ ቤቱ የማን ነበር አይሉኝም።»

ሐጂ ቃሲም ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያውስ ከነገ ጀምሮ ሌላ ቦታ ያስተምሩ» ብለው ወጡ።

ሐጂ ሙዘሚል ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሩቂያ ነገሩን ከፊታቸው አነበቡት። የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው። ሴትዮዋ ጥቂት አሰቡና፣ «የጓሯችን አፈር ለጎመን እንኳ አልሆነም፤ ወለል ይሁን» አሉ። በነጋታው ሠልጣኞቹ ውሃ ልካቸውንና የሲሚንቶ ማንኪያቸውን ይዘው ወደ ጓሮው ገቡ። ያነጠፉትን ያነሳሉ፣ እንደገና ያነጥፋሉ። ዝናብ ሲመጣ በሸራ ሥር ተጠጋግተው ይማራሉ። ከአንድ በቀር ሁሉም መጡ።

የቀረው ረሻድ ብቻ ነበር። የሆስፒታሉ ቦታ አልፎታል፤ ቂም ይዟል። በዚያ ሳምንት ሐጂ ሙዘሚል የሴቶቹን ውዱእ ማድረጊያ ራሳቸው እያፈረሱ ነው የሚል ወሬ ሰማ። በሰው ፊት አዋረዱኝ ብሎ ሊጣላቸው ሄደ። ሲደርስ ሽማግሌው በሚያማቸው ጉልበት ተንበርክከው፣ ጥምጣማቸው ላይ አቧራ ተነስንሶ፣ ሴራሚኩን በመሮ ያነሳሉ። ለብቻቸው ነበሩ።

«ለሰው ምን ብለው ነገሩ?» አላቸው።

«ሲጠይቁኝ፣ ‹ከእኔ ዘንድ የወጣ ሥራ ነው፤ አልወደድኩትም፤ አስተካክለዋለሁ› አልኳቸው።»

«የእኔን ስም አልጠሩም?»

«ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ምን ብዬ እጠራዋለሁ?»

ረሻድ ጫማውን አወለቀ፣ መሮውን ከእጃቸው በእርጋታ ተቀበለና ተንበረከከ። ሽማግሌውም ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልተነጋገሩም። የተነጋገሩት ስለ ሲሚንቶው ቅጥነትና ውሃው ወደ መውረጃው እንዴት እንደሚያዘነብል ነበር።

ረሻድ ወለሉን እንደገና ሠራው። ከዚያም ሌሎች ወለሎችን ሠራ። አጎቱ፣ «ልመናዬን እምቢ ካለኝ ሰው ጓሮ ትሄዳለህ?» ብለው ስለተቆጡት ከቤታቸው ወጥቶ ከእህቱ ዘንድ ተቀመጠ። ክረምቱን ሙሉ በሸራው ሥር ተማረ። መስከረም ሲጠባ ሐጂ ሙዘሚል የሠራውን ሁሉ አዩ፣ መቱ፣ አዳመጡ፤ ቢስሚላህ ብለውም ፈረሙለት።

በዚያው ሰሞን የሐጂ ቃሲም እናት ታመው ተነሱ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ ለሰላት ግን በሰው እጅ መታጠብን የማይወዱ ሴት ናቸው። የመታጠቢያው ወለል ያዳልጣቸዋል። ሐጂ ቃሲም በከተማዋ ብዙ ሠራተኛ ያውቁ ነበር፤ ማንኛውም ቢጠራ ይመጣል። እሳቸው ግን እግራቸው እየከበዳቸው ወደዚያ ጓሮ ሄዱ።

«ለእናቴ ነው» አሉ። «እርስዎ የመሰከሩለትን ሰው ይላኩልኝ።»

«ኢንሻአላህ ነገ ጠዋት ይመጣል» አሏቸው ሐጂ ሙዘሚል።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ቃሲም ከፈቱ። ረሻድ መሣሪያውን በትከሻው አንግቶ ቆሟል።

«አንተን ነው የላኩት?»

ረሻድ ወረቀቱን አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። አጎቱ ፊርማውን አዩት። ከዚያ ከበሩ ገለል ብለው፣ «ግባ፣ ልጄ። አያትህ ትጠብቅሃለች» አሉት።

ወለሉ ተሠርቶ ደረቀ። እናታቸውም ያለ ደጋፊ ገብተው ውዱእ አድርገው ወጡ። ሐጂ ቃሲም ያን ዕለት ከመግሪብ በኋላ ሐጂ ሙዘሚልን ከመስጂዱ በር ላይ ጠብቀው እጃቸውን ያዙ።

«ዐፉ ይበሉኝ። ቤቱ ክፍት ነው፤ ይመለሱበት። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ፤ ያን ጊዜ የእኔ ፊት እንዴት አላሳፈረዎትም?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ወረቀቱ ለረሻድ መስሎዎት ነበር። ምስክርነቴ ግን ለእናትዎ ነበር።»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ «የምስክር ወረቀት» እንላለን፤ ወረቀቱን ይዘን ምስክሩን እንረሳለን። ያለ ዕውቀት መኪና እንዲነዳ፣ መርፌ እንዲወጋ፣ ጣሪያ እንዲያቆም የፈረምንለት ሰው ሲያመሰግነን ደግ የሠራን ይመስለናል። ያመሰገነን ግን ከፊታችን የቆመው ነው፤ አማናው ያለብን ከፊታችን ለሌለው ነው። ሐጂ ሙዘሚል ያችን እናት ያን ቀን አላሰቧትም፤ እንደምትታመምም አላህ ብቻ ነበር የሚያውቀው። እሳቸው ያሰቡት እርጥብ እግር ይዛ የምትመጣን አንዲት ሴት ነው። ለማያውቋት ሴት ብለው እውነቱን ጠበቁ፤ አላህም ያችን ሴት የወዳጃቸው እናት አደረጋት።

ስንፈርም የማናውቀውን ሰው የምናስብ ያድርገን። አሚን።