ዘሩን መንገድ ላይ የበተነው ገበሬ

አንዳንድ አባባል አፋችን ከመልመዱ የተነሣ ከሰማይ የወረደ ይመስለናል። ይህች የምነግራችሁ ግን ባለቤት አላት። ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት የተወለደችው በአንድ የደጋ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ወይራ ጥላ ሥር ነው።

የአጥቢያው አለቃ፣ አለቃ ተክለ አብ፣ ፊደል ላልቆጠሩ ጎልማሶች እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንጌል የሚነበብበትና የሚተረጎምበት ጉባኤ አቋቋሙ። መምህር አድርገው የሾሙት መሪጌታ ይኄይስን ነበር። ይኄይስ በሰባት ዓመቱ ከቤቱ ወጥቶ የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ፣ ቅኔው የሰላ፣ ድምፁ ያማረ ወጣት ነው። እርፍ ግን ጨብጦ አያውቅም።

አንድ እሑድ የዘሪውን ምሳሌ አነበበ። ዘሪው ሊዘራ ወጣ፤ አንዳንዱ ዘር መንገድ ዳር ወደቀ፣ ወፎችም ለቀሙት፤ ሌላው ጭንጫ ላይ፣ ሌላው እሾህ መካከል። ገና ትርጓሜውን ሳይጀምር አያ ደርሶ የሚባሉ ሸበቶ ገበሬ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ።

«የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ይህ ሰውዬ ጠጥቶ ነበር እንዴ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ዘሪው ነዋ! ዘር እኮ ከልጅ አፍ ተነጥቆ የሚቀመጥ እህል ነው። መንገድ ላይ የሚበትነው ምን ዓይነት ገበሬ ነው?»

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። የይኄይስ ፊት ጋለ። መንገዱ ምን እንደሆነ፣ ወፎቹ እነማን እንደሆኑ በቃሉ ያውቃል። ገበሬው ለምን እንዲያ እንዳደረገ ግን አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። አላውቅም ከማለት ደግሞ ሞት ይሻለዋልና አፉ እንዳመጣለት፣ «ዘሩን በአህያ ጭኖ ሲሄድ ስልቻው ተቀዶበት ነው» አለ።

አያ ደርሶ ጥቂት አሰቡ። «ጭንጫውም ላይ ተቀደደበት? እሾሁም ላይ? አዬ የኔታ፣ ይህ ሰው ከማረሱ በፊት ስልቻ መስፋት ይልመድ!»

ሳቁ እንደገና ሲነሣ ይኄይስ መጽሐፉን ከደነ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ጥያቄ የለም! የመጣ ሁሉ ዝም ብሎ ይስማ!»

ሰዎቹም ታዘዙ። በሚቀጥለው እሑድ አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ ጥቂቶቹ ዓይናቸውንም ጭምር ዘጉ። በሦስተኛው ግማሹ ቀረ። በአምስተኛው ወይራው ሥር የተገኙት ጆሯቸው የማይሰማ አንዲት መነኩሲትና ጥላ ፍለጋ የገቡ ሁለት ፍየሎች ነበሩ።

አለቃ ተክለ አብ ጠሩት። «ልጄ፣ ለፍየል አልሾምኩህም። እስከ ሐምሌ ሚካኤል ሰው ካልተመለሰ ጉባኤውን እዘጋዋለሁ» አሉት።

ሰኞ ማለዳ ይኄይስ ወደ አያ ደርሶ ማሳ ወረደ። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሽማግሌው እንቅብ ታቅፈው ስንዴ ይዘራሉ። መንገዱን ሙሉ ሰበብ ሲያበጅ መጥቶ ነበር፤ እፊታቸው ሲቆም ሁሉም ጠፋበት።

«አያ ደርሶ፣ ያ የስልቻው ነገር ከራሴ የፈጠርኩት ነው። ገበሬው ለምን መንገድ ላይ እንደ ዘራ አላውቅም። እርስዎ ያውቃሉ?»

«እኔማ ባውቅ መቼ እጠይቅ ነበር?» አሉ አያ ደርሶ። «ልሣለቅብዎ ብዬ አይደለም፤ ከልቤ ከንክኖኝ ነው።» ከዚያም እንቅቡን አስታቀፉት። «በሉ እስቲ ይዝሩ። ምናልባት እጃችን ይነግረን ይሆናል።»

ይኄይስ እፍኝ ዘገነና እንዳይባክን ሰስቶ እግሩ ሥር ጠብ ጠብ አደረገው።

«ኧረ የኔታ! ዶሮ ነው እንዴ የሚመግቡት? እንዲህ ከሆነ ዳር ዳሩ ባዶ ይቀራል። ክንድዎን ይዘርጉት፣ እንዲህ!» አሉና እፍኛቸውን ሞልተው እስከ ማሳው ጠርዝ በተኑት። ስንዴው አየር ላይ ተዘርግቶ ወረደ፤ ማሳው ላይ፣ ድንጋይ ካቡ ላይ፣ ሰው አቋርጦ በሚያልፍባት ቀጭን መንገድ ላይ። ወፎች ወዲያው አረፉ።

አያ ደርሶ እጃቸው እንደ ተዘረጋ ደርቀው ቀሩ። አርባ ዓመት ሲዘሩ ልብ ያላሉትን አዩ። ከዚያም ትልሙ ላይ ቁጭ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለካ ሰካራሙ እኔው ነኝ! ለዳሩ ያልሳሳ ሰው ዘሩ መንገዱም ላይ መውደቁ አይቀርም!»

ይኄይስም አብሮ ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቀረረ። ስንት ጊዜ ያነበበው ቃል ገና አሁን ገባው። «ዘሪው ቸር ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንዲት ዳር እንኳ እንዳትቀርበት ብሎ ነው።»

ወሬው በገበያና በውሃ መንገድ ዞረ። በሚቀጥለው እሑድ የወይራው ጥላ ለሰዉ አልበቃ አለ። ይኄይስ ተነሥቶ፣ «የስልቻው መልስ ሐሰት ነበር፤ ይቅር በሉኝ። እውነተኛውን ከአያ ደርሶ ጋር ተጠያይቀን አገኘነው» ብሎ አስተማረ። ያን ቀን ማንም አላንቀላፋም። ጥያቄውም ዘነበ። እማማ ውዴ የሚባሉ ባልቴት፣ «የጠፋው ልጅ ወደ አባቱ ሲመለስ እናቱ ወዴት ነበረች?» አሉ።

«አላውቅም» አለ ይኄይስ ፊቱ እየበራ፤ «ጠይቄ እመጣለሁ። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ማጀት ነበረቻ! የሰባውን ፍሪዳ ማን ወጠወጠው ታዲያ?»

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ደብተራ ይህን ሲሰማ ወደ አለቃ ተክለ አብ ዘንበል አለ። «አባታችን፣ ይህ ሰው ገበሬ ሲጠይቅ፣ ባልቴት ሲጠይቅ ዋለ። ሊቅ ነው ብለውን አልነበር?»

አለቃ ዓይናቸውን ከጉባኤው ሳይነቅሉ፣ «ገና አሁን መሆኑ ነው እንጂ፤ አታውቅም እንዴ ልጄ፣ መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» አሉት።