አልወርድም ያለችው ፒካፕ

ትርንጎ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቆላ ወርዶ አባቷን ይዞ መውጣት። እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ነገሩ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትንሽ አይደለም።

አባቷ አቶ ቢተው ሁለቱም ዓይኖቻቸው በሞራ ተጋርደው ሦስት ዓመት ተቀምጠዋል። ደጋው ከተማ የመጡት የዓይን ሐኪሞች ሲያክሙ ሰንብተው ዛሬ የመጨረሻው ቀን ሆነ። አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋሉ። በመካከል አህያ ፈጅ የሚባል ቁልቁለት አለ። የትርንጎ ፒካፕ ደግሞ ሽንኩርት ስትሸከም ያረጀች ናት። ፍሬኗ ከደከመ ቆይቷል። በቆመች ቁጥር ትርንጎ ዘላ ትወርድና ያገኘችውን ድንጋይ ጎማዋ ሥር ትወሽቃለች፤ ታኮ ማለት ይኸው ነው። አህያ ፈጅ ላይ ግን ታኮ አያድንም።

ስለዚህ ከማለዳ ጀምራ ጋራዥ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትላለች። መካኒኩ ጋሽ ይርዳው የፊቱን አሮጌ ፍሬን አውጥቶ በዲስክ ቀየረላት። የኋላውን የፍሬን ሸራ አደሰላት። እጅ ፍሬኑንም አበጀላት።

«አለቀ ጋሼ?»

«ዘይት ይቀረዋል። የድሮው ጭቃ ሆኖ ደፋሁት።»

«ሳሙና ውሃ ብናደርግበትስ?»

«በሳሙና ውሃ ልብስ ይታጠባል፤ አንቺን ግን ገደል ይከትሻል። ሂጂና ከኑርዬ ሱቅ የፍሬን ዘይት አምጪ።»

ዘይቱ ካልመጣ ፍሬኑ አይዝም፤ ፍሬኑ ካልያዘ ፒካፗ አትወርድም፤ ፒካፗ ካልወረደች አባባ አይወጡም። ትርንጎ ይህን እያለች ሮጠች።

የፍሬን ዘይት ያለው ኑርዬ ብቻ ነው፤ ሱቁ ደግሞ ተዘግቷል። ኑርዬን ያገኘችው ወፍጮ ቤት በር ላይ፣ የጤፍ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ነው።

«ኑርዬ፣ ተነስና ሱቁን ክፈትልኝ።»

«ወረፋዬን ለማን ትቼ? ወፍጮው የቆመው ልክ ተራዬ ሲደርስ ነው። ትናንት ለሽንት ዞር ብዬ ስመለስ ሰባት ሰው ቀድሞኝ ነበር።»

«ቁልፉን ስጠኛ።»

«የሱቅ ቁልፍ ለእናትም አይሰጥ።»

ወፍጮው ካልፈጨ ኑርዬ አይነሳም፤ ኑርዬ ካልተነሳ ዘይቱ አይመጣም፤ ዘይቱ ካልመጣ ፍሬኑ አይዝም፤ ፍሬኑ ካልያዘ ፒካፗ አትወርድም፤ ፒካፗ ካልወረደች አባባ አይወጡም።

ወፍጮው ጸጥ ብሏል። ባለወፍጮው ሞተሩን ከወፍጮው የሚያገናኘውን ሰፊ ጠፍር፣ ቺንጋውን፣ እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎታል። ለሁለት ተበጥሷል።

«ጫማ ሰፊው ጋ ልኬው ነበር» አላት። «አልሰፋም ብሎ መለሰልኝ።»

ትርንጎ ቺንጋውን ነጥቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችና ወጣች። ጫማ ሰፊው ካልሰፋ ቺንጋው አይዞርም፤ ቺንጋው ካልዞረ ወፍጮው አይፈጭም፤ ወፍጮው ካልፈጨ ኑርዬ አይነሳም፤ ኑርዬ ካልተነሳ ዘይቱ አይመጣም፤ ዘይቱ ካልመጣ ፍሬኑ አይዝም፤ ፍሬኑ ካልያዘ ፒካፗ አትወርድም፤ ፒካፗ ካልወረደች አባባ አይወጡም።

ጫማ ሰፊው የሚሠራው በእማማ ትጓደድ አጥር ሥር ነው። እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

«ስፋልኝ ወንድሜ፣ ቀኑ እየሄደብኝ ነው።»

«በጥርሴ ልስፋው? ወስፌዬን እማማ ትጓደድ በመያዣ ወስደውብኛል።»

«የምን መያዣ?»

«እሳቸውን ጠይቂያቸው። እኔ እንደሆንሁ ሌባ ተብያለሁ።»

ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳለች። ወስፌው ካልተመለሰ ጫማ ሰፊው አይሰፋም፤ ጫማ ሰፊው ካልሰፋ ቺንጋው አይዞርም፤ ቺንጋው ካልዞረ ወፍጮው አይፈጭም፤ ወፍጮው ካልፈጨ ኑርዬ አይነሳም፤ ኑርዬ ካልተነሳ ዘይቱ አይመጣም፤ ዘይቱ ካልመጣ ፍሬኑ አይዝም፤ ፍሬኑ ካልያዘ ፒካፗ አትወርድም፤ ፒካፗ ካልወረደች አባባ አይወጡም።

እማማ ትጓደድ ወስፌውን መቀነታቸው ውስጥ ሸጉጠውታል።

«መጄን ያምጣና ይውሰድ» አሉ። «በርበሬ የምፈጭበት መጄን፣ ከአማቴ የወረስሁትን። ትናንት አጥቤ በር ላይ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ገብቼ ስወጣ የለም። ቆዳ በድንጋይ የሚቀጠቅጥ ከእሱ ሌላ ማን አለ?»

«ምን ዓይነት መጅ ነው፣ እማማ?»

«ግራጫ ነው። ሆዱ ልስልስ ያለ፣ ባንድ ጎኑ ጎደል ያለ።»

ትርንጎ ከማለዳ ጀምሮ እግሯ አርፎ አያውቅም ነበር። አሁን ቀጥ ብላ ቆመች። ትናንት እዚሁ በር ላይ ሽንኩርት ስታወርድ ፒካፗ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀምራ ነበር። ዘላ ወርዳ ያገኘችውን ድንጋይ አነሳች። ግራጫ ነበር። እጇ ላይ ይለሰልስ ነበር። ይዛው ሄዳ ጋራዥ ስትደርስም ያንኑ ወሸቀች።

«መንገድ ላይ ወድቆ አገኘሁት» ብላ ብታመጣውስ? ጫማ ሰፊው በአጥሩ ቀዳዳ ያያታል።

«እማማ» አለች። «መጅዎን የወሰድሁት እኔ ነኝ። ታኮ አድርጌዋለሁ።»

እማማ ትጓደድ ቀና ብለው አዩአት።

«ጎማ ሥር?»

«ጎማ ሥር።»

«እንግዲህ ሌብነቱ ከእኔ ወረደ» አለ ጫማ ሰፊው ከአጥሩ ማዶ።

«ሂጂ አምጪው» አሉ እማማ። «ስድብሽን በኋላ መጥተሽ ትቀበያለሽ። አሁን አባትሽ ይጠብቁሻል።»

ጋሽ ይርዳው በመጁ ፋንታ ግንድ ወሸቀላት። መጁን አጠበችው፤ አንዲት ጥቁር የጎማ መስመር ግን አለቅም አለች። እንዲሁ ታቅፋው ሮጠች።

መጁ ተመለሰ፤ እማማ ወስፌውን ሰጡ፤ ጫማ ሰፊው ሰፋ፤ ቺንጋው ዞረ፤ ወፍጮው ፈጨ፤ ኑርዬ ዱቄቱን አራግፎ ተነሳ፤ ዘይቱ መጣ። ጋሽ ይርዳው ጎማ ሥር ተኝቶ «ርገጪ፣ ልቀቂ፣ ርገጪ» እያለ አየሩን አስወጣ፤ ፍሬኑ ያዘ፤ ፒካፗም አህያ ፈጅን ቀስ ብላ ወረደች።

አባቷ በር ላይ ቆመው ድምፁን ያዳምጣሉ። ትርንጎ እጅ ፍሬኑን ስባ ዘላ ወረደች፤ እጇ እንደ ልማዱ መሬት ላይ ድንጋይ ፈለገ።

«ታኮ ስትወሽቂ አልሰማሁሽም» አሉ አቶ ቢተው።

«ዛሬ ታኮ የለም አባባ። ፍሬን አለኝ። ይግቡ።»

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አባትና ልጅ ከሐኪሞቹ ደጅ ደረሱ።

የአቶ ቢተው ዓይኖች ታክመው ፋሻው በተፈታ ማግስት ትርንጎ ስድቧን ልትቀበል ከአባቷ ጋር እማማ ትጓደድ ቤት ሄደች። እማማ በርበሬ እየፈጩ ነበር። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አቶ ቢተው ጎንበስ ብለው መጁን አዩት።

«ይህች ጎኑ ላይ ያለችው ጥቁር መስመር» አሉ፣ «የጎማ ናት እንዴ?»

እማማም ስድቡን ረሱት። መጁ ቤቱ ገብቷል፣ ፒካፗም ቆማለች፤ እኔም እዚህ ላይ ፍሬን ያዝሁ።