መብራቱ ሲጠፋ ያየው ዓይን

አንድ ወጣት ዳኛ በልጅነቱ ፊዚክስ ያስተማሩትን አረጋዊ መምህር ሊጠይቅ ቤታቸው ሄደ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ እንዲህ አላቸው፤

«መምህር፣ ተከሳሽ ገና ከበሩ ሲገባ ውሸታም መሆኑ ይታየኛል። ነገ የምፈርድበት አንድ የመጋዘን ጠባቂ አለ። ማስረጃው ስስ ነው፤ ልቤ ግን ሰርቋል ይለኛል። ልቤን ልመነው?»

መምህሩ እንዲህ ሲሉ ነገሩት።

አንድ ፈታኝ ነበረ። ሥራው ለጠፈር ቴሌስኮፕ የሚሠሩ ዓይኖችን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበሉ መሣሪያዎችን፣ መፈተን ነው። እነዚህ ዓይኖች የሚያዩት ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ከሙቀት የሚወጣውን ብርሃን ነው። የጋለ ካውያ በጨለማ ባይታየንም ፊታችን ላይ ይሰማን የለ? እሱ ነው። ከሩቅ ኮከብ የሚደርሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው፤ ዓይኑ ራሱ ሞቅ ካለ የራሱን ሙቀት ከኮከቡ ጋር ያደባልቀዋል። ስለዚህ ፈታኙ ዓይኑን አየር በሌለበት የብረት በርሜል ውስጥ ይዘጋና እጅግ አቀዝቅዞ ይፈትነዋል።

አንድ ጊዜ ለአንድ ቴሌስኮፕ ሁለት ዓይኖች ቀረቡለት። አንደኛውን የሠራችው የረጅም ጊዜ ባልደረባው ናት፤ ልጆቿን እናቷ ዘንድ ትታ የደከመችበት ሥራ ነው። ሌላው ከሌላ አገር የመጣ፣ ፈዘዝ ያለ ዓይን ነበር። ቴሌስኮፑ አንዴ ከሄደ ተከትሎ የሚጠግነው የለም፤ የሚመረጠውም አንዱ ብቻ ነው።

ፈታኙ በርሜሉ ውስጥ ያለችውን ትንሽ መብራት አበራ። የባልደረባው ዓይን ደማቅ ምልክት ሰጠ። የሌላው ጭል ጭል አለ።

«ታየ እኮ» አለች ፈተናውን ልታይ የመጣችው ባልደረባው። «የኔ ነው የሚሄደው።»

ፈታኙ እጁን ከማብሪያው ላይ አነሣ። እሷ ሳትመጣ ያየው ነገር ነበር፤ እንዴት እንደሚነግራት ጨንቆታል።

«እስቲ መብራቱን አጥፊው» አላት በመጨረሻ።

«ለምን?»

«አንቺው በእጅሽ አጥፊው።»

አጠፋችው። የፈዛዛው ዓይን ምልክት ወዲያው ጠፋ። የእሷ ግን እንዳለ ቀረ። ማብሪያውን ደግማ ደጋግማ ነካችው፤ ምንም ለውጥ የለም።

«ከየት ነው የሚመጣው?» አለች።

«ከራሱ ውስጥ።»

«ታዲያ በሂሳብ እንቀንሰዋለን።»

«ሁልጊዜ እኩል ቢሆን እንቀንሰው ነበር። ግን አንድ ቀን ከፍ፣ አንድ ቀን ዝቅ ይላል። ኮከቡ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ያነሰ ነው።»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላነጋገረችውም። የተላከው ፈዛዛው ዓይን ነው። የመጀመሪያው ሥዕል ከጠፈር ሲደርስ ግን መጥታ አጠገቡ ቆመች። ከዋክብቱ ጥቂት ነበሩ፤ በመካከላቸው ያለው ጨለማም ጨለማ ነበር።

«የኔ ቢሆን ይህንንም ጨለማ ኮከብ ነው ይለን ነበር» አለችው።

መምህሩ ይህን ነግረው ወደ ዳኛው ዞሩ።

«ያንተም ልብ ያቺ ሴት እንደሠራችው ዓይን ነው» አሉት። «አጥርቶ ስለሚያይልህ ደስ ብሎሃል፤ መብራቱን አጥፍተህ ግን አልፈተንከውም። ነገ ጠባቂው ከመግባቱ በፊት ባዶው ችሎት ውስጥ ተቀመጥና ልብህን አዳምጠው። ማንም ሳይኖር ሌባ ከታየህ፣ እሱ ካንተ የመጣ ነው። ከሰውየው የመጣልህ ያ ስሱ ማስረጃ ብቻ ነው፤ ቢያንስብህም በእሱ ፍረድ።»

ዳኛው ለመሄድ ተነሣ፤ በሩ ላይ ግን ዞረ።

«እስካሁን ልቤን አምኜ የፈረድኩባቸውስ?» አለ።