የዝም በር በሶ

በስሜን ተራሮች መካከል፣ በአንድ ግዙፍ ገደል ሥር የሚያልፈውን ጠባብ መንገድ አገሬው «ዝም በር» ይለዋል። እዚያ ሲደርስ ነጋዴውም ካህኑም ድምፁን ያጠፋል፤ አህያ እንኳ ማናፋቷን ትታ ጆሮዋን ብቻ ታወዛውዛለች፣ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንደሚነገረው፣ በጥንት ጊዜ በአንድ የጥር ወር እንዲህ ያለ በረዶ ጣለ፤ ከጎጆ የወጣው ጭስ አየር ላይ ደርቆ እየቀረ፣ ሰው እየሰበረ ለማገዶ ይወስደው ነበር ይባላል። በዚያው ሰሞን ጓንጉል የተባለ ባላገር ለወንድ ልጁ ታንጉት የምትባል ሙሽራ ይዞ፣ የበቅሎዋን ልጓም እየሳበ በዚሁ መንገድ መጣ። የጓንጉል ድምፅ እንዴት ያለ መሰላችሁ፤ ሲፎክር የማዶ መንደር ዶሮዎች ያለ ቀናቸው ይጥሉ ነበር።

ገደሉ ሥር ሲደርሱ ቀና ቢሉ፣ ሌሊት የጣለው በረዶ ከአፋፉ እንደ ጎፈር ተንጠልጥሏል፤ የረፋዱ ፀሐይ ከሥሩ እያላላው ጠብ ጠብ ይላል። አጃቢው ሁሉ ቆመ። የጓንጉል ጎረቤት አያ ጥላዬ ቀረብ ብሎ፣ «ዛሬ ከፎከርክ ከነበቅሎአችን ነው የምንቀበረው» አለው።

በዚያ አገር ሙሽራ ይዞ ሳይፎክር የሚያልፍ እንደ ጠላፊ ይቆጠራልና፣ ጓንጉል፣ «ልጄን ድሬ ዝም ብዬ ልለፍ? ሰርቄ ነው እንዴ?» ብሎ ደረቱን ነፋ።

ታንጉት ያደገችው እዚያው አካባቢ ስለሆነ የበረዶውን ጠባይ ታውቃለች፤ አንድ ጩኸት ይበቃዋል። ነገር ግን ሙሽራ በመንገድ ላይ ትንፍሽ ማለቷ ነውር ነው። ስለዚህ በበቅሎዋ ላይ ከተጫነው የስንቅ አቁማዳ ደረቅ በሶ ዘግና ከኮርቻዋ ጎንበስ አለችና፣ «ዘራፍ» ሊል በተከፈተው የአማቷ አፍ ውስጥ ሞጀረችው። በሶን ታውቁታላችሁ፣ ውሃ ካላገኘ ምላስን ከላንቃ ያጣብቃል። ጓንጉል ዓይኑን እንዳፈጠጠ፣ ጢሙ ነጥቶ፣ እንደ ተለጎመ በቅሎ ተነዳ። አጃቢውም የገዛ አፉን ቢያምነው ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ስላላመነው ሁሉም አንዳንድ ጭብጥ ጎረሰ።

ማዶ ሲሻገሩ ውሃ ሰጡት፤ ዋጠ። ያ ሁሉ ፎካሪ ግን አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ያኔ ነው ሙሽራይቱ ከመሸፈኛዋ ውስጥ፣

«አባቴ፣ አሁን ይፎክሩ» ያለችው።

ፎከረ። ገደሉ የተሸከመውን ሁሉ አራገፈው። መንገዱም እስከ ፋሲካ ተዘግቶ፣ ሙሽራይቱን ሊሸኙ የመጡ ዘመዶቿ መመለሻ አጥተው የጓንጉልን ጎተራ እስከ ወለሉ ጠረጉት ይባላል።

ዛሬም በዚያ የሚያልፍ የሰርግ አጃቢ በሶ ይጎርሳል፤ ማዶ ደርሶም ሙሽራይቱ «አሁን ይፎክሩ» ሳትል አማትየው ጢሙን አይጠርግም። በሌላው አገር ሙሽራ ስንት ሳምንት አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። አያቴ ግን እናቴን ለአባቴ ሙሽራ አድርጎ በዚያ መንገድ ስላመጣት፣ እስኪሞት ድረስ እሷን ሳያስፈቅድ አላስነጠሰም።