ለእርጥብ እጅ የተሠራ ገንዘብ

«የሰው አገር ገንዘብ የሚሰበስብ አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ።

ወጣቱ ሰባኪ ግራ ገባው። እሱ የጠየቃቸው ስለ ገንዘብ አልነበረም። «ባለፈው ወር ጉባኤ መካከል አንዲት ጠላ ሻጭ ብድግ ብላ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አነጋገሯም ጥያቄዋም ቅጥ የለውም። ‹ይህ ላንቺ አይደለም፣ ተቀመጪ› አልኋት። ቃሉ እንደ እሷ ያለ ሰው አፍ ሲገባ ይበላሻል። ታዲያ ጠብቄ ባቆየው ምን አጠፋሁ?» ነበር ያላቸው። ይህንኑ ጥያቄ አነጋገሩን ብቻ እየለዋወጠ ከጠዋት ጀምሮ ሲያነሣባቸው ነው የዋለው። የኔታ በጥቅስ ሊመልሱለት በሞከሩ ቁጥር ጥቅሱን እሱ ቀድሟቸው ይጨርሰዋል። ከዚያ እንደገና ይጠይቃል።

«አሁን አትቅደመኝ» አሉት መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው። «ይህን አታውቀውም። ዝም ብለህ ስማ።»

ሰውየው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። ትዳር አልያዘም። ቤቱ ውስጥ ከእሱ ሌላ የነበረችው ታላቅ እኅቱ ይርገዱ ብቻ ናት። እናትና አባታቸው በልጅነቱ ሲሞቱበት ጥጥ ፈትላ፣ ፈትሉን ለሸማኔ ሸጣ ያሳደገችው እሷ ነች። ካለፈላቸው በኋላም እንዝርቷን አልጣለችም። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃኗን ጥቂት በጥቂት እየወሰደ ጨርሶ እስኪያጨልምባት ድረስ፣ ከጨለመባትም በኋላ፣ ትፈትል ነበር። ክሩን የምታየው በጣቷ ነው። ደረጃውን፣ በሩን፣ የወንድሟንም ፊት የምታየው በጣቷ ነው።

ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚሠራ አንድ ወዳጅ ነበረው። ይህ ወዳጁ አንድ ቀን ከመርከበኛ ያገኘውን ኖት አመጣለት። ኖቱ ወረቀት አልነበረም። ፖሊመር ከሚሉት ስስ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ስሟን እንኳ ሰምቶ የማያውቃት የአንዲት የደሴቶች አገር ገንዘብ። ቢያጣጥፉት ተመልሶ ይዘረጋል። መካከሉ ላይ እንደ መስኮት ወለል ብሎ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ቦታ አለው። ከመስኮቱ ውስጥ አንዲት ክንፏን የዘረጋች ወፍ ከፊትም ከኋላም ትታያለች። ሰውየው ኖቱን ወደ ብርሃን አንሥቶ ሲያይ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ቆሞ እየጠራው አልሰማም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ እብድ አደረገው። የዚያችን አገር ኖቶች ከትንሿ እስከ ትልቋ ማሰባሰብ ያዘ። ጀልባና መረብ ያለበት አለ። ኮኮናት የተሸከመች ሴት ያለችበት አለ። ሁሉንም አጉሊ መነጽር ይዞ አጠናቸው፤ የመረቡ ክር እንዴት እንደተጠላለፈ፣ የሴትዮዋ ቀሚስ ጥለት ከየትኛው ደሴት እንደሆነ፣ ከጀልባው ሥር በሞገድ መስመር ተመስሎ የተጻፈውን ረቂቅ ጽሑፍ። የማያውቀው የለም። የሚገርመው ግን ባወቀ ቁጥር ጠባዩ እየከፋ ሄደ። ወዳጁ አንዱን ኖት በኪስ ቦርሳው አጥፎ ቢያመጣለት «ታጥፈዋለህ? ጤና የለህም?» ብሎ በደንበኞች ፊት አዋረደው። የቤት ሠራተኛዋ ቡፌውን ስትወለውል ቢያገኛት ቡፌው ዘንድ ድርሽ እንዳትል ከለከላት። ነጭ ጓንት ገዛ። ኖቶቹን አልበም ውስጥ፣ አልበሙን ቡፌ ውስጥ፣ ቁልፉን አንገቱ ላይ አደረገ።

የይርገዱም ነገር ያማርረው ጀመር። ከመኝታ ቤቷ እስከ ሳሎን ስትሄድ መዳፏ የሚያልፍበት የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ጥቁር መስመር ወጥቶ ነበር። «እትዬ፣ ይኸው ቤቱን አጨቀየሽው እኮ» ይላል። ቀለም ቀቢ ጠርቶ አስቀባው።

ብዙ ከደከመ በኋላ የቀረችውን ትልቋን ኖት አገኘ። ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ያለባት ናት። ደስታውን ብቻውን መቻል አቅቶት ጎረቤቶቹን ጠራ። በግ አረደ። ሰዎቹ በልተው ሲያበቁ ጓንቱን አጥልቆ አልበሙን አወጣና መካከላቸው ቆመ። ይርገዱ ከበሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር።

«የዚህች አገር ሕዝብ ዓሣ አጥማጅ ነው» ብሎ ጀመረ። «እጁ ከውኃ አይወጣም። የወረቀት ገንዘብ በጨው ውኃ እየራሰ፣ በዓሣ ቅባት እየወዛ አልበረክት አለው። ስለዚህ እርጥብ እጅ የማያበላሸው ገንዘብ ተሠራለት። አስተውሉ፣ ለእርጥብ እጅ ነው የተሠራው።»

ጋሽ በዳሳ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ጎረቤቱ፣ ነገሩ አስደስቷቸው፣ እጃቸውን ዘረጉ።

«አይነካም!» ብሎ አልበሙን ሸሸገ።

ጋሽ በዳሳ እጃቸውን ሰበሰቡ። ሰውየው ልቡ መለስ ሲልለት የኖቷን ጠርዝ አሳያቸው። «እዚህ ጥግ ላይ ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦች አሉ። አይታዩም፤ የሚዳሰሱ ናቸው። ትንሿ ላይ አንድ ነው፤ ገንዘቡ ባደገ ቁጥር ነጥቡም ይጨምራል። ዓይነ ስውር ሰው ማንንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳያታልለው፣ ገንዘቡን በጣቱ እንዲለይ ብለው ነው። እንዲህ ያለ አሳብ እኛ አገር ቢኖር!»

«ለዓይነ ስውር?» አለች ይርገዱ ከበሩ በኩል።

«አዎ እትዬ።»

«እንዴት ያለ ደግ ነገር ነው! እስኪ አምጣው እኔም ልዳስሰው» ብላ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋች።

ሰውየው እጆቿን አየ። ፀጉሯን ከተቀባችው ቅቤ ትንሽ ነክቷቸው ጣቶቿ ያብለጨልጫሉ። «እትዬ፣ እጅሽ ቅባት ነክቷል እኮ» አለ። «ያበላሸዋል።»

ጋሽ በዳሳ ከወንበራቸው ሊነሡ ምንም አልቀራቸው። «አንተ ሰው! አሁን ለማን ነው የተሠራው አልኸን?»

«ጋሼ፣ ይህ እንደ ሌላው ገንዘብ አይደለም። ለመሰብሰቢያ ነው።»

«ነጥቡስ? ነጥቡ ለምን ተደረገ?»

«ነገርኳችሁ አይደል? ለዓይነ ስውራን!» ብሎ ጮኸ። ያስረዳው ነገር ስላልገባቸው ከልቡ ተናዶ ነበር።

«ተውት፣ እውነቱን ነው» አለች ይርገዱ። «ቅባት ነክቻለሁ።» የተዘረጉትን እጆቿን መልሳ ከነጠላዋ ሥር አስገባቻቸው። እንግዶቹ ቀስ በቀስ እየተነሡ ወጡ። ሰውየው ገበታ ከበላ በኋላ እንኳ ምስጋና የማያውቅ ጎረቤት ብሎ ሲያማቸው አመሸ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ፀዳ። እሱ ያየው ይህን ብቻ ነው። ግድግዳው እንደተቀባ ቀረ፤ የበሩ መያዣ ላይ የጣት አሻራ ጠፋ፤ ብርጭቆ ከቦታው አይነቃነቅም። «እትዬ ዘንድሮ ልብ ገዛች» አለ በሆዱ። ይርገዱ እጇን ከነጠላዋ ሥር አጣምራ በእግሯ እየፈለገች ነበር የምትሄደው። ከሰዎች ጋር ስትሆን መቀመጫ እስኪያሳዩአት ትቆማለች። ፊቱን መዳሰሷንም ተወች። እሱ ግን መተዋን ልብ አላለም።

አንድ ቀን እሱ ሱቅ በዋለበት ከደረጃው ወደቀች። እጇን ተጫነችውና ተሰበረ። ሠራተኛዋ አንሥታ አስተኛቻት፤ ይርገዱ ግን «እንዳትነግሪው፣ ይቆጣል» ብላ አስማለቻት። የተሰበረውን እጅ በነጠላዋ ጨርቅ ጥፍር አድርጋ አሥራ፣ ከነጠላዋ ሥር ደብቃ ሰነበተች። እጇ ከነጠላ ሥር መደበቁ አዲስ ነገር ስላልነበረ ወንድሟ አልጠረጠረም። ትኩሳቱ ሲያንዘፈዝፋት ነው የነቃው።

ሐኪም ቤት ወሰዳት። ዘግይተው ነበር፤ አጥንቱ ተጣሞ መግጠም ጀምሯል። ሐኪሙ አቅሙ የፈቀደውን አድርጎ ጀሶ አሰረላት። ቤት ከተመለሱ በኋላ ሰውየው ንዴቱን መቆጣጠር አቃተው። ከአልጋዋ አጠገብ ቆሞ ጮኸባት።

«እትዬ፣ ዕድሜ ልክሽን በወጣሽበት ደረጃ! ግድግዳውን ለምን አልያዝሽም? ግድግዳው እኮ እዚያው ነው! ምን ነክቶሽ ነው?»

«አዲስ ቀለም ነው» አለች።

«ቢሆንስ?»

«እጄ ያበላሸዋል ብዬ ነዋ።»

ደግማ አልተናገረችም። ክፋትም አልነበረባትም፤ ለጠየቃት መለሰች እንጂ። ሰውየው የሚቆጣው ሰው ፈለገ። ቀለም ቀቢውን አሰበ። ሠራተኛዋን አሰበ። ጋሽ በዳሳን አሰበ፤ ጋሽ በዳሳ ግን ያኔውኑ ተናግረውታል። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ ተነሥቶ ወጣ። አልበሙን ከቡፌው አውጥቶ መጣ። ጓንት አላጠለቀም። የመብራት ማማ ያለባትን ኖት ከሽፋኗ ውስጥ ጎትቶ አወጣና ደኅናውን እጇን ያዘ።

ይርገዱ ምን እንደሆነ ስታውቅ እጇን ሰበሰበች። «ቆይ፣ ልታጠብ። ሠራተኛዋ አሁን ጎኔን በቅቤ ስታሸኝ እጄንም ነካክታዋለች፣ ሁሉ ቅቤ ነው።»

«አትታጠቢም» አለ። «እንዳለ ያዢው።»

ያዘችው። መጀመሪያ በመዳፏ መዘነችው። ከዚያ ጣቷን በጠርዙ ላይ ሰደደች። ጥጉን ስታገኝ ቀጥ አለች። ነጥቦቹን አንድ ባንድ ሄደችባቸው፤ ተመልሳ ሄደችባቸው። ፊቷ ላይ ፈገግታ መጣ። «አገኘኋቸው» አለች። «ይህን ያሠራው ሰው ቤቱ እንደ እኔ ያለች አንዲት ሴት ነበረችው። ሳትኖረው አይቀርም። ያለዚያ ከየት ይመጣለታል?»

ሰውየው አላውቅም አለ። በእርግጥም አያውቅም ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን በአጉሊ መነጽር ሲያይ አስቦትም አያውቅ።

ኖቷን ሲቀበላት የሚያሳየው መስኮት ላይ የቅቤ ጣት አሻራ ተለጥፎ ነበር። እንደ ልማዱ ልቡ ድንግጥ አለ። ራስጌዋ የነበረውን እርጥብ ጨርቅ አንሥቶ ጠረገው። ሁሉም ለቀቀ። ምልክት እንኳ አልቀረም። ኖቷ ከዚያ በፊት እንደነበረችው ነበረች። ለካስ መጀመሪያውኑ የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ እሱም ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር፤ ቆሞ ለጎረቤት ያስተማረው እሱ ነው። የይርገዱ እጅ ግን ጀሶው ሲፈታ ተጣሞ ቀረ። እንዝርቱን ማሾር ስላቃታት፣ የባዘተችው ጥጥ ሳይፈተል ለሰው ተሰጠ።

የኔታ ታሪኩን እዚህ ላይ አበቁ። ሰባኪው የሚቀጥሉ መስሎት ጠበቀ። ከዚያ ዞር ብለው ፊቱን አዩት።

«አሁን በጥቅስ ልትቀድመኝ ትችላለህ? አትችልም። እንግዲህ ልንገርህ። ያ ሰው አንተን ይመስላል። ቃሉ ለደካማ፣ ለኃጢአተኛ፣ ለተናቀ እንደተሰጠ ከመድረክ ላይ ቆመህ እስኪያልብህ ትሰብካለህ። ማን እንዴት እንደተረጎመው፣ የትኛው ቃል ከየትኛው እንደሚሰምር ታውቃለህ። ከዚያ ያ የተሰጠለት ሰው፣ ጠላ የነካ እጇን ዘርግታ ስትመጣ፣ ‹ይበላሻል› ብለህ ትጮኻለህ። ምኑ ነው የሚበላሸው? አንተ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ በስንት ገበሬ፣ በስንት ነጋዴ፣ በስንት ወንበዴ አፍ አልፎ የመጣ ነው! ቃሉ አይሰበርም፣ ልጄ። የምትሰበረው እሷ ነች። ያውም ወድቃ ስትሰበር ድምፅ አታሰማም፤ ቤትህ ፀዳ ብለህ ደስ ይልሃል።»

ሰባኪው አንገቱን ደፋ።

«ከዚያ ወዲህ ጉባኤ መጥታለች?»

«አላየኋትም የኔታ።»

«ጥያቄዋ ምን ነበር?»

ወጣቱ ሊመልስ አፉን ከፈተ። አሰበ። አነጋገሯን ያስታውሳል፤ ሰው እንደሳቀባት ያስታውሳል፤ እሱ የመለሰላትን ቃል በቃል ያስታውሳል።

«ጠፋኝ» አለ በመጨረሻ።

«እንግዲያውስ እኔን መጠየቅህን ተውና ተነሣ» አሉት የኔታ። «ቤቷን ፈልገህ አግኝና እንደገና እንድትጠይቅህ ለምናት።»